የመካከለኛዋ ልክ

በፋብሪካው ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ከበር ጠባቂው ጀምሮ እስከ ልብስ ተኳሾቹ ድረስ ሁሉም «መለኪያ» ነው የሚሏት። ሥራዋ መቆም ነበር። ስትቀጠር ልብስ ሰፊ ነበረች፤ በሁለተኛው ዓመቷ ግን ዋናው ቆራጭ መተላለፊያው ላይ አያትና «ነይ እስቲ፣ እዚህ ቁሚልኝ» አላት። ትከሻዋን፣ ደረቷን፣ ወገቧን፣ ዳሌዋን ለካና የጠፋበትን ዕቃ እንዳገኘ ሰው ብቻውን ሳቀ። የመካከለኛ ቁጥር ልብስ ሁሉ እሷ ላይ ልክክ ይል ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማክሰኞው ናሙና ክፍል ውስጥ አንዲት ዝቅ ያለች ሳጥን ላይ ትወጣለች፤ አዲስ የተሰፋውን ቀሚስ ትለብሳለች፤ እሱ ስፒል በጥርሱ ነክሶ ዙሪያዋን ይዞራል። እሷ ላይ ያማረው ይጸድቃል፣ እሷ ላይ ያላማረው ተመልሶ ይፈታል። ከእሷ የተወሰደው ልክ በካርቶን ተቆርጦ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በዚያ ካርቶን በሺህ የሚቆጠር ቀሚስ ይቆረጣል፤ ከአንገቱ ጀርባም «መካከለኛ» የምትል ትንሽ ጨርቅ ይሰፋበታል።

ቆራጩን «ጋሽ መቀስ» ይሉታል። ሜትር ቀኑን ሙሉ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል እንጂ አያምነውም። «ሜትር የሚያውቀው ቁጥር ነው፤ እኔ የምቆርጠው ለሰው ነው» ይላል፤ ይህን ሲል ደግሞ ደረቱን ነፋ አድርጎ ነው። ሌላ ቦታ የልክ ሰንጠረዥ የሚባል ነገር አለ፣ በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ። እዚያ ቤት ሰንጠረዡ እሷ ነበረች። ሰው አለን ብሎ ሰንጠረዥ መጣል እብደት ነው ብትሉ አልከራከራችሁም። ግን ለዓመታት ሠርቷል፤ የሚሠራን ነገር ደግሞ ማንም አይነካካውም።

ኋላ መብላት አቅቷት ታመመች። ሕመሟ በምን ጀመረ? ሐኪሞቹ ይህን ደጋግመው ጠይቀዋታል፤ እሷም ደህና መልስ ስታጣ የአንዲት ማክሰኞን ነገር ትነግራቸው ነበር። ያን ቀን ዚፑ ወገቧ ላይ ሲደርስ ትንሽ ያዝ አደረገ። ጋሽ መቀስ ስፒሉን እንደነከሰ፣ «ምነው መለኪያ፣ ሠርግ ቤት ከረምሽ እንዴ?» አላት። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እሷም ሳቀች፣ ከልቧ ነው የሳቀችው። ቀልዱ ክፉ አልነበረም፣ ሰውዬውም ክፉ አይደለም። ምሳዋን ግን አልበላችም። በሚቀጥለው ማክሰኞ ዚፑ ሽቅብ ሽው ሲል አንዷ ተኳሽ «አቤት ቁመና!» አለች፤ ሌላዋ «ምን ብትበይ ነው እባክሽ?» ብላ ጠየቀቻት። በቀልድ ብቻ ሰው አይታመምም። በሙገሳ ግን ይታመማል፤ እኔ በበኩሌ እንዲህ ነው የማምነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ዓመት ነው። እናቷ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ናት፤ በቀን አራት መቶ የሰው ልጅ ታበላለች፤ የማይበላ ሕፃን ቢያጋጥማት አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ አንድ ሁለት ተረት አውርታ፣ ሳያውቀው ሳህኑን የምታስጨርስ ሴት ናት። የራሷን ልጅ አንድ ማንኪያ ማስዋጥ ግን አቃታት። መጀመሪያ ለመነቻት፣ ቀጥላ ተቆጣቻት፣ ቀጥላ አለቀሰችባት፤ በመጨረሻ ሳህኑን ፊቷ አስቀምጣ እሷ ግድግዳውን እያየች መቀመጥ ጀመረች። ልጅቱም መዋሸት ለመደች። «ሥራ ቦታ በልቻለሁ»፣ «ሆዴን ቆርጦኛል»፣ «ኋላ እበላለሁ»። ድሮ ውሸት የማታውቅ ልጅ ነበረች። በሽታው ከሥጋዋ በፊት የበላው እውነተኛነቷን ነው።

ከዕለታት ባንዱ ማክሰኞ ሳጥኗ ላይ እንደቆመች ክፍሉ ዞረባት። ጋሽ መቀስ መሬት ሳትደርስ ቀለባት። ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሟ እናቲቱን ወደ ጎን ወስዳ፣ «ልቧ በጣም ደክሟል። አንድ ሳምንት ብትዘገዩ ኖሮ» ብላ የቀረውን ሳትጨርሰው ተወችው። እናቲቱ ያን ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ በሆዷ ይዛው ትኖራለች፤ ልጅቱም ከአልጋዋ ሰምታዋለች።

አሥር ሳምንት ተኛች። ስትወጣ በወረቀት የተጻፈ የምግብ ሰዓት ይዛ ወጣች፤ እናቲቱ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው፤ በየሰዓቱም ከጎኗ ቁጭ ትላለች። መዳን ይሉታል ይህን። ጓደኞቿ ሊጠይቋት ሲመጡ ጉንጯን እያዩ «ተመስገን፣ ሞላ ሞላ ብለሻል!» ይሏታል። የፍቅር ቃል ነው፤ ሌላ ምን ይበሉ? እሷ ግን ፈገግ ብላ ትሸኛቸውና መታጠቢያ ክፍሉን ዘግታ ጉንጯን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ይዛ ትቆማለች። ዳቦ መዋጥ ጠጠር እንደ መዋጥ ነበር። ከእያንዳንዱ ገበታ በኋላ አንዳች ወንጀል የሠራች ያህል ይሰማት ነበር፤ ይህንንም የምግብ ባለሙያዋ «ይሰማሻል፣ ግን አይገድልሽም፤ የሚገድልሽ ያኛው ነው» አለቻት። ይህን ቃል ይዛ ነበር የምትበላው።

በዚህ ሁሉ መሐል እህቷ ሚጢ ነበረች። ሚጢ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የቤቱ ጥሩ ልጅ እሷ ናት። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ እናቷን አንድ ቀን አስቸግራ አታውቅም። ሳህን ታጥባለች፣ ዳቦ ትቆርጣለች፣ ለሁሉም ትቀዳለች፣ «እኔ ቀምሻለሁ፣ ለእትዬ ጨምሪላት» ትላለች። ጎረቤቱ ሁሉ «እንዲህ ያለች ልጅ ስጠን» ይላል። ያ ቤት ለሁለት ዓመት ያየው ግን የመለኪያን ሳህን ብቻ ነው።

ወደ ሥራ የተመለሰችው ማክሰኞ ዕለት ነው። ተኳሾቹ አጨበጨቡላት። ሳጥኗ ላይ ወጣች፣ መካከለኛውን ቀሚስ ለበሰች፤ ዚፑ ከወገቧ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቆመ። ወይ ፍንክች። ጋሽ መቀስ ሁለቱን ጫፍ በእጁ ሰብስቦ ሊያገናኛቸው ሞከረ። እሷ ዓይኗን ጨፈነች። «አበቃልኝ» ነው ያለችው በሆዷ፤ «ሆስፒታሉ አወፈረኝ። እንደፈራሁት አወፈረኝ።» 

ጋሽ መቀስ ስፒሉን ከአፉ አወጣና ሄዶ በሩን ዘጋ።

«ስሚኝ ልጄ» አላት። «አንቺ አልወፈርሽም።»

«ጋሽዬ፣ አያባብሉኝ። ይኸው አይዘጋም እኮ።»

«አይዘጋም። ቀሚሱ ነው የተበላሸው።» ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካርቶን አወረደ፤ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ደግሞ አቧራ የለበሰ ሌላ ካርቶን አወጣና አንዱን በሌላው ላይ አስተኛው። የአሮጌው ጠርዝ በሁሉም በኩል ተርፎ ወጣ። «ይሄኛው የዛሬ ሦስት ዓመት አንቺ ነሽ። ይሄኛው ደግሞ ከመውደቅሽ በፊት የነበርሽው ነሽ። ስትቀንሺ ካርቶኑን አብሬሽ ቀነስኩት። መጀመሪያ ግማሽ ጣት፣ ከዚያ ሌላ ግማሽ ጣት። ልብሱ እላይሽ ላይ እንደ ጆንያ ሲንጠለጠል ማዳም ከቢሮዋ ወርዳ ብታይ በማግስቱ ሌላ ሴት ታመጣ ነበር። ለአንቺ ብዬ ነው።»

እሷ ተርፎ የወጣውን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች።

«ትንሹስ ቁጥር? ትልቁስ?» አለች።

«እሱ ከመካከለኛው ላይ ነው የሚወጣው፤ ታውቂያለሽ። ሁሉም አብሮ ወርዷል።» አንገቱን ደፋ። «ቶሎ የምትድኚና የምመልሰው መስሎኝ ነበር።»

አትፍረዱበት ልላችሁ አልችልም፤ እኔም ፈርጄበታለሁ። ግን ልብ በሉ፦ በዚያ ፋብሪካ ውስጥ እየከሳች መሆኗን ያየ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው፤ በጣቱ ለክቶ ያውቀዋል። ሐኪም ቤት ውሰዷት ብሎ በመጮህ ፈንታ ካርቶን ሸረፈላት። የሚያውቀው ሥራ እሱ ነበርና።

እሷን ግን ያን ሰዓት የመታት ሌላ ነገር ነው። የሚጢ ልደት ትዝ አላት። ፋብሪካው በየዓመቱ ጥቃቅን ጉድለት ያለባቸውን ልብሶች ለሠራተኛ ያድላል፤ ሚጢ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትለብሰው ይህንኑ ነው። ባለፈው ዓመት ልደቷ ለት አንድ ሰማያዊ መካከለኛ ቀሚስ አምጥታላት ነበር። ሚጢ ልትለካ ገብታ ቆየች፤ ስትወጣ ጀርባዋ ክፍቱን ነበር። «አልዘጋ አለ፤ ወፈርኩ መሰለኝ» ብላ ሳቀች። እናቲቱ «ልጅ አይደለሽ፣ እያደግሽ ነው» አለች። መለኪያ ግን፣ ያኔ ሕመሙ ውስጥ አንገቷ ድረስ ተዘፍቃ የነበረችው መለኪያ፣ «እራት ቀነስ አድርጊ፣ ይገባልሻል» አለቻት። ያን ስትል ደስ ብሏት ነበር። የሌላ ሰው ዚፕ አልዘጋ ማለቱ ደስ አሰኝቷት ነበር። ይህን ለሐኪሞቹም አልነገረቻቸውም።

ያን ቀን ቤት ስትገባ ሚጢ ለማታ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። መለኪያ በሩ ላይ ቆማ አየቻት። ከሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህቷን አየቻት። ሙቀት ነው፣ ሚጢ ግን ወፍራም ሹራብ ለብሳለች፤ እጅጌውን እስከ ጣቶቿ ድረስ ስባዋለች። ጥፍሮቿ ሰማያዊ ብጤ ሆነዋል። ክንዷ ላይ እንደ ጨቅላ ሕፃን ያለ ስስ ፀጉር በቅሏል። ሽንኩርቱን የምትከትፈው እንደ ወረቀት አሳስታ፣ ጊዜ እየገደለች ነው። ሐኪም ለማወቅ ምርመራ ያስፈልገው ይሆናል፤ እሷ አላስፈለጋትም። ራሷን ነበር ያየችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ምነው እትዬ? አመመሽ እንዴ? ውኃ ላምጣልሽ?»

«ደህና ነኝ» አለች።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰበችው፦ ሚጢ የእሷን መንገድ እስከ መጨረሻው እንዳትሄድ። ሐኪሟ ያልጨረሰችው ዓረፍተ ነገር በሚጢ ላይ እንዳይጨረስ። ለእናቷ ወዲያው ልትነግራት አሰበች፤ ግን የእናቷ ፊት ታያት፤ ገና ከአንዱ ቀብር ተመለስኩ ስትል ሌላ ጉድጓድ ማሳየት ሆነባት። ቀድሜ ነገሩን ላስተካክለው፣ ከዚያ እነግራታለሁ አለች። ብልህ ሰው የሚሳሳተው እንዲህ እያለ ነው።

በማግስቱ ካርቶኖቹን ጠቅልላ ሥራ አስኪያጇ ዘንድ ገባች። ማዳም ጨዋ ሴት ናት፤ ወንበር ሰጠቻት፣ ጤናዋን ጠየቀቻት፣ ሁለቱን ካርቶኖች መነጽሯን አድርጋ አየቻቸው። መለኪያ ነገሩን አንድ በአንድ ነገረቻት። ጋሽ መቀስንም ላለማስጠየቅ «እኔ ነኝ ይደብቁት ያልኳቸው» አለች።

«ገባኝ» አለች ማዳም። «እና ምን ላድርግ ነው የምትይኝ?»

«ወደ አሮጌው ይመለስ። መካከለኛ ብለን የምንሸጠው መካከለኛ አይደለም እኮ። የበሽተኛ ልክ ነው። የኔ ልክ ነው።»

ማዳም ከመሳቢያዋ አንድ ክላሰር አወጣችና ገለጥ ገለጥ አደረገችው። «ይሄ የቅሬታ መዝገባችን ነው። ቁልፍ ተበጠሰ ያለች አለች። ቀለሙ ለቀቀ ያለች አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ቁጥሩ ትክክል አይደለም› ያለች አንዲት ሴት የለችም። አንዲት።» ክላሰሩን ዘጋች። «ሴቶቹ ቅር ካላላቸው እኔ ምን ብዬ እለውጣለሁ?»

መለኪያ መልስ ነበራት፤ ትልቅ መልስ ነበራት። በየመልበሻ ክፍሉ መጋረጃ ዘግተው፣ ጀርባቸው ክፍቱን መስተዋት ፊት የቆሙ ሴቶች ሁሉ ታዩዋት። አንዷም ቀሚሱን አልጠረጠረችም። ሁሉም የጠረጠሩት ገላቸውን ነው፤ ቀሚሱን መስቀያው ላይ መልሰው፣ ሻጯን አመስግነው፣ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው ወጡ። በራሷ ላይ ቅሬታ ያላት ሴት የት መዝገብ ላይ ትጻፍ? ይህን ሁሉ ልትል ፈልጋ «እሺ» ብላ ተነሣች።

«አንቺም ብትሆኚ» አለቻት ማዳም በሩ ጋ ስትደርስ፣ በደግ ድምፅ፣ «በቅርቡ ወደ ልክሽ ከተመለስሽ ሳጥኑ ያንቺው ነው። ካልሆነም አትጨነቂ፣ ወደ ስፌት እንመልስሻለን።»

ወደ ልክሽ። ይቺ ቃል ያን ቀን አብራት ወደ ቤት ገባች። የአሥር ሰዓት መክሰሷን የጎረቤት ድመት በላው፤ በማግስቱም እንደዚያው። ለሰው መድኃኒት ልታመጣ ሄዳ የራሷን ጥላ መጣች ማለት ነው፤ እሷ ግን «ለሁለት ቀን ብቻ» ነበር የምትለው።

ቅዳሜ ከሰዓት እናታቸው ገበያ ስትወጣ ሚጢን አልጋዋ ላይ አስቀመጠቻት። ካርቶኖቹን አነጠፈችላት። ሁሉንም ነገረቻት፤ ጋሽ መቀስን፣ ሽርፍራፊውን፣ ሰማያዊውን ቀሚስ፣ ያን የእራት ነገር ሳይቀር።

«ይቅር በይኝ» አለቻት። «ያኔ የተናገርኩሽ እኔ አልነበርኩም፤ ማለቴ፣ እኔ ነበርኩ። ይቅር በይኝ። አንቺ አንድም ቀን ወፍረሽ አታውቂም። ቀሚሱ ነው የተሳሳተው። ይኸው፣ በዓይንሽ እይው።»

ሚጢ ትንሹን ካርቶን አነሣች። አገላብጣ አየችው። ወደ ወገቧ አስጠጋችው። መለኪያ በተስፋ ትጠብቃለች፤ ሰው እውነቱን ሲያውቅ የሚድን ይመስላት ነበር።

«እኔ እኮ» አለች ሚጢ ቀስ ብላ፣ «ዝም ብሎ የፋብሪካ ቁጥር ይመስለኝ ነበር። የማንም ያልሆነ። አንዳንዴ፣ ይሄ ልክ ያለው ሰው በዓለም ላይ የለም፣ ተዪው፣ እል ነበር።» ቀና አለች። «ለካ የሰው ልክ ነው።»

«የታመመ ሰው ልክ ነው!»

«ያንቺ ልክ ነው። አንቺ ከቻልሽው ይቻላል ማለት ነው።»

መለኪያ ካርቶኑን ነጥቃ ቀደደችው። ቀዳድዳ ወለሉ ላይ በተነችው፤ ሚጢ አልከለከለቻትም፤ ያየችውን አይታለች።

«ለእማ እነግራታለሁ» አለች መለኪያ። «ሆስፒታል እወስድሻለሁ። ዛሬውኑ።»

«ንገሪያት። እኔም መክሰስሽን ለማን እንደምትሰጪ እነግራታለሁ።» ይህን ስትል ክፋት አልነበራትም፤ እንዲያውም አዘነች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እንደገና እዚያ ያስተኙሻል እትዬ። እማ አትችለውም። እኔና አንቺ እናውቃለን፤ አትችለውም።»

እሑድ ምሳ ሰዓት እናቲቱ ሾርባ ሠራች። ካሮትና ድንች ያለበት፣ ወፈር ያለ ሾርባ፣ ትምህርት ቤት ለታመሙ ልጆች የምትሠራው ዓይነት። ለሁለቱም በጎድጓዳ ሳህን ቀዳችና ማሰሮውን ምድጃው ላይ ትታ፣ «ዳቦ ረስቼ፤ ማዕዘኑ ላይ ያለው ሱቅ ደርሼ መጣሁ። ስመለስ ባዶ ሳህን ነው ማየት የምፈልገው» ብላ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

እህትማማቾቹ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ሚጢዬ» አለች መለኪያ፤ «በእናትሽ ብዪ። የፈለግሽውን ጠይቂኝና ብዪ።»

ሚጢ አሰበች። «እሺ» አለች። «አንቺ አንድ ማንኪያ ስትበዪ እኔም አንድ እበላለሁ። እስከምትጨርሺ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ እምልልሻለሁ። ካቆምሽ ግን አቆማለሁ።»

ከዚህ የተሻለ ነገር ማን ይሰጣታል? መለኪያ ማንኪያውን አነሣች። አንድ። ሚጢም አንድ። ሁለት። ሚጢ ሁለተኛውን ስትውጥ ዓይኗ ተጨፈነ፤ ዋጠችው ግን። ሦስት። አራት። በአምስተኛው ላይ የሚጢ እንባ ሳህኗ ውስጥ ጠብ አለ፤ ቢሆንም በላች። ለእህቷ የገባችውን ቃል የምትጠብቅ ልጅ ናት። መለኪያ ደስታ ይሁን ፍርሃት ያልለየችው ነገር ደረቷን ሞላው። ሆነ እኮ፣ አለች፤ ልጅቱ እየበላች ነው፣ ከዚህ ሌላ ምንም አልተጠየቅኩም፤ ሳህን መጨረስ ብቻ።

ስድስተኛው ማንኪያ ከንፈሯ ላይ ቆመ።

ለምን ስድስተኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ። ሙቀቱ ሆዷ ውስጥ ተሰምቷት ይሆናል፤ ወይም ዚፑ ትዝ ብሏት፤ ወይም ያ «ወደ ልክሽ» የሚል ደግ ድምፅ። ዋጪ፣ አለች ለራሷ። ለእሷ ስትዪ ዋጪ። የምግብ ባለሙያዋን ቃል ፈለገችው፤ ተበታተነባት። በማንኪያው አሻግራ ሚጢን አየቻት። ሚጢም ማንኪያዋን ከንፈሯ ጋ አድርሳ ትጠብቃታለች፤ ዓይኗን አልነቀለችም። መለኪያ በዓለም ላይ ካሉ ነገሮች ሁሉ ያን ማንኪያ መዋጥ ፈለገች። እግዚአብሔር ያውቃል ፈልጋለች። አፏ አልከፈት አላት።

ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠች።

ሚጢም አስቀመጠች። ፊቷ ላይ የታየው እፎይታ ነው፤ መለኪያን የገደላት ይህ ነው።

«አይዞሽ እትዬ» አለቻት። ጠረጴዛው ላይ እጇን ዘርግታ የእህቷን እጅ ያዘች። የሁለቱም ጣት በረዶ ነበር። «ሞክረሻል። እኔ አልቀየምሽም።»

ተነሣች። የሁለቱንም ሳህን ሾርባ ወደ ማሰሮው ገለበጠች፣ ጠርዛቸውን በጨርቅ ጠረገች፣ ማንኪያዎቹን እላያቸው ላይ አጋድማ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው። አንድም ጠብታ አልፈሰሰም። ስንት ጊዜ አድርጋው እንደሆነ ከእጇ ያስታውቅ ነበር። ማሰሮውን ከደነች፣ ተቀመጠች፤ ወዲያው በሩ ተከፈተ።

እናቲቱ ዳቦውን አቅፋ ገባች። መጀመሪያ ያየችው ሳህኖቹን ነው። ቆመች። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች።

«ሁለታችሁም?» አለች።

መለኪያ አፏን ከፈተች። እውነቱ ምላሷ ላይ ነበር፤ ሁለት ቃል ነው፣ «ሚጢ ታማለች»፣ ሌላ አይፈልግም። ሚጢ አየቻት። አልለመነቻትም፣ አልዛተችባትም፤ አብሯት ረጅም መንገድ የመጣ ሰው የሚያያት ዓይነት ነው ያየቻት። ያን ቃል ብታወጣው ሁለቱም አብረው ይወጣሉ፤ የራሷም ሳህን፣ ድመቱም፣ ሆስፒታሉም፣ ሚዛኑም። ሳጥኑም ይቀራል። ይህን ሁሉ ያሰበችው አንድ ትንፋሽ ባልሞላ ጊዜ ነው።

«በልተናል እማ» አለች።

እናቲቱ ዳቦውን እንዳቀፈች ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና በደስታ አለቀሰች።